አይቸኩሌና የወሊድ ክፍሉ ሙቅ ውሃ

ብርጭቆ ያልያዛችሁ ያዙ፤ ብዙ አላወራም። የዛሬው ጡረተኛችን የአይቸኩሌ ባለቤት ግን ገና በር ላይ ይዛኝ "አንተ ስለሱ ከጀመርክ መች ትጨርሳለህ" ብላኛለች።

ይሄ ሰውዬ እዚህ ሆስፒታል መጀመሪያ የመጣ ቀን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ ነበር። ዘበኛው የታማሚ ጠያቂ መስሎት "ሰዓቱ አልደረሰም" ብሎ ውጭ አቆመው። እኛ የጥገና ክፍል ሰዎች ደግሞ አዲሱን የቧንቧ ሠራተኛ እየጠበቅን "ምነው ቀረ?" እንላለን። በስንት ጭቅጭቅ ገባ። ገብቶም ችሎታውን ሊያሳየን ቸኮለና የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ቦይለር፣ ውሃውን ሳያፈስ የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን ፈታው። በቦይለሩ ሆድ የነበረ ውሃ በሙሉ ከረባቱ ላይ! ሥራ በጀመረ ቀን ገላውን ታጥቦ የወጣ ሠራተኛ ከሱ ሌላ አላየሁም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፤ እኛም መወልወያ ይዘን አብረን ለቀምን። ከዚያ ወዲያ ቸኩሎ አያውቅም። አይቸኩሌ ያልነው ለዚህ ነው።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መብራት አጠፋለሁ፣ እሱ ብሎን ይፈታል። ከመፍታቱ በፊት ግን መጠየቁ አያልቅም።

"አጥፍተሃል?"

"አጥፍቻለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አንተ ሰውዬ፣ አታምነኝም እንዴ?"

"አንተንማ አምናለሁ። ማብሪያ ማጥፊያውን ነው የማላምነው።"

የወሊድ ክፍሉ ውሃ አልሞቅ ያለ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ሬዚስታንሱን ስናወጣው ከውሃው የተጋገረ ነጭ ድንጋይ ለብሶ ብረቱ አይታይም። እኔ "ይጣልና አዲስ ይገዛ" አልኩ። እሱ እቴ! ባልዲ ሙሉ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፈው። ኮሪደሩ በሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ዋና ነርሷ መጣች። ያችውላችሁ፣ አሁን ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን አትስቅም ነበር።

"ሕፃናቱን በምን ላጥባቸው?"

"እህቴ፣ ድንጋዩ ይልቀቅ። በካቻቢቴ ብፍቀው ብረቱ ይቆስልና ነገም ትጠሪኛለሽ።"

በእንጨት ቀስ አድርጎ ፋቀው፣ አጠበው፣ መልሶ ገጠመው። ውሃ ከሞላ በኋላ "ላብራ?" ስለው "ቆይ" አለኝ። እጁን የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሥር አድርጎ፣ ውሃው አየር መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጠበቀና "አብራ" አለኝ።

ሥራው ሲያልቅም አልሄደም። በሩ ጋ ቆሞ ያዳምጣል።

"ምን ትሰማለህ?"

"ሕፃን እያጠቡ ነው። ዝም ካለ ውሃው ሞቋል።"

ሕፃኑ ዝም አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ሽቦ ማገናኘት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ፣ አመሰግንሃለሁ። ያ ሕፃን ዛሬ ጢም አውጥቷል፤ እኛም ሸብተናል። እነዚያ ቀኖች እንዴት እንደሚናፍቁኝ ልነግርህ አልችልም።

ትናንት የመሣሪያ ሳጥኑን ሲያስረክበኝ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም። ጡረታ የወጣ ሰው መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ሰው ያስቸግራል።" ማንን ነው የምታስቸግረው? እኔን? ካንተ ሌላ ማን አለኝና እዚህ ቤት?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከጥገና ክፍሉ ልጆች ጋር መከርን። የራሳችንን የሠራተኞች ሻወር ቦይለር ፈትተነዋል። ሬዚስታንሱ ከነድንጋዩ ጠረጴዛህ ላይ ነው። ማንም አይነካውም። አንተ እስክትመጣ ሁላችንም በቀዝቃዛ እንታጠባለን።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ለጤናው፣ ለዕድሜው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለጠበቀችው ባለቤቱም! ዕረፍትህ የጣፈጠ ይሁን፣ ወንድሜ። ሰኞ ግን ና። እኔም አርጅቻለሁ፤ ብርድ አልችልም።