የቡለንን ሳልሰማ አልሸኝም ያሉት ጋሽ ጣሀ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ነብዩ፣ ሙዚቃውን ቀንስልኝ። ጋሽ ጣሀ፣ እርስዎም ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱት፤ ዛሬ ሽኝትዎ ነው፤ ተቀምጦ መሰደብ ነው።

ጋሽ ጣሀ ወደ ክፍላችን የመጡ ዕለት ከባምባሲ አዲስ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ይመጣል ተብለን ከረባት ያሰረ ሰው እንጠብቃለን። እጅጌያቸውን የጠቀለሉ አንድ ሰውዬ ብቅ ሲሉ አሳምነው፣ "ሶላሩን ሊያጸዱ ነው? ይኸው መሰላል" አላቸው። አትደበቅ አሳምነው! እሳቸው ሆዬ፣ መሰላሉን ተቀብለው ጣሪያው ላይ ወጡ። አጽድተው ወረዱና፣ "ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ጣሪያው አለቀ። የኃላፊው ወንበርስ የቱ ነው?" አሉ።

ኪቦርዳቸውን ገልብጣችሁ ብታራግፉት አንድ ጣሳ የለውዝ ልጣጭ ይወጣዋል። አለቃ ሆነው ግን በላያችን ቆመው "አለቀ? አለቀ?" ብለውን አያውቁም። "መቼ ታደርሳለህ?" ይላሉ። ሐሙስ ካልክ፣ ሐሙስ ጠዋት ከች ነው!

ይኸው ጠባያቸው ኮምፒውተር ውስጥም ገባ። ለእንግዶቻችን ላስረዳ። በየጤና ኬላው የምንተክላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች የክትባት ማቀዝቀዣውን ሙቀት እየለኩ ይልኩልናል። የቡለን ጤና ኬላው ኮምፒውተር ግን በደመና ቀን ባትሪው እያለቀ ይጠፋ ነበር። ማቀዝቀዣው መሞቅ አለመሞቁ ካልታወቀ ክትባቱ ይጣላል። የኬላው ነርስ ገላኔ እየደጋገመች ስትጥል፣ "ልጅ አዝላ በእግሯ ለመጣች እናት ምን ልበላት?" ብላ ስልክ ላይ አልቅሳብናለች።

እኛ ባትሪ እንጨምር አልን። ጋሽ ጣሀ ውስጡን ከፍተው አዩት። ለካስ ፈጣን ይሁን ተብሎ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ የሰዓት ቆጣሪው ፕሮሰሰሩን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እንዲቀሰቅስ ተደርጓል። ሙቀቱ የሚለካው ደግሞ በየአምስት ደቂቃው!

"ያ ጀማዓ፣" አሉ፣ "ሰው ተኝቷል፣ ሥራ የለም። 'ተነሳ፣ ሥራ አለ ወይ?' ይባላል እንዴ? ሥራው ሲደርስ ቀስቅሰው፣ ኸላስ፣ በቃ!"

ነብዩ፣ "የሙቀት ማስጠንቀቂያው ቢዘገይስ?" ብሎ ተከራከረ።

"ዘግይ አላልኩም፤ በሰዓቱ ነው ያልኩ።"

እንዳሉት አደረግነው። ሥራ ከሌለ ቆጣሪው ለቀጣዩ ልኬት ብቻ ይሞላል፤ እስከዚያ ፕሮሰሰሩ ይተኛል።

ፈተናው በዚህ ክረምት መጣ። ቡለን ፀሐይ ሳታይ ሰነበተች፣ ኔትወርኩም ተቋረጠ። ጋሽ ጣሀም "የቡለንን ሳልሰማ አልሸኝም" ብለው እርፍ! ዛሬም እዚህ በግድ ነው ያስቀመጥናቸው። "አለቀ?" ብለው የማያውቁ ሰው፣ ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ፣ "አይናለም፣ ቡለን መጣ?" ሻይ ስጠጣ፣ "ቡለን መጣ?" ከሽንት ቤት ስወጣ፣ "ቡለን መጣ?" ጋሽ ጣሀ፣ እኔን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ የቀሰቀሱኝ እርስዎ ነዎት!

አሁን ቀልዱን ልተው። እኔ የፓዌ ገበሬ ልጅ ነኝ። እዚህ ስገባ ኮምፒውተሩን የማበላሸው እየመሰለኝ እፈራ ነበር። እርስዎ ስሳሳት ሰው ፊት አላሳፈሩኝም፤ አጠገቤ ተቀምጠው አሳዩኝ። ስላመኑን ነው ሥራ ያወቅነው። ከነገ ጀምሮ ቦታዎን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እንደምወጣውም አውቃለሁ። ከልቤ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ይናፍቁኛል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ የአሶሳ ማንጎ ጭማቂ ነው፣ ጾመኛም ሙስሊምም ይጠጣዋል። ጋሽ ጣሀ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ከልጆችዎ ጋር ደስ ብሎዎት ይኑሩ።

ቆይ፣ እንዳትጠጡ! ኔትወርኩ ተመልሶ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ገላኔ ደውላ ነበር። እስክንሰበሰብ ብዬ ደብቄዎት ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልጠፋም። አንድ ብልቃጥ ክትባት እንኳ አልተጣለም። ብዙ ላወራት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን፣ "ለጋሽ ጣሀ ንገሪልኝ፤ አሁን ጊዜ የለኝም፣ እናቶቹ ተሰልፈዋል" ብላ ዘጋችብኝ።

ለጋሽ ጣሀ!