ስም የማይጠራበት ውሃ

(ጣና ሐይቅ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ። ሁለት አበልጆች ማንጎ ጭነው ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ፣ ይበልጣል ውሃ ውስጥ ገብቶ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ይንሳፈፋል፤ ሽባባው የባለ ሸራዋን ጀልባ መሪ በአንድ እጁ፣ ገመድ በሌላው ይዞ አጠገቡ ደርሷል።)

ሽባባው፦ ገመዱን ያዝ እንጂ፣ አንተ ሰው። ምን ታየኛለህ?

ይበልጣል፦ አልይዝም።

ሽባባው፦ ምን?

ይበልጣል፦ አልይዝም አልኩህ። መጀመሪያ የምጠይቅህን ትመልስልኛለህ።

ሽባባው፦ ራስህን መታህ እንዴ? ባሕር ዳር ስንደርስ፣ ደረቅ ልብስ ለብሰህ፣ አረቄህን ይዘህ ትጠይቀኛለህ። አሁን ያዝ።

ይበልጣል፦ ባሕር ዳር ላይማ ምላስህን ማን ይችለዋል። እዚሁ ነው የምፈልግህ።

ሽባባው፦ ይኸው፣ አንተ ስትሟገት ነፋሱ ወሰደኝ። እንደገና ልዞር ነው። ጀሪካኑን እንዳትለቅ።

ይበልጣል፦ ዙር። እያየሁህ ነው።

ሽባባው፦ አንተ ምን ታየኛለህ፣ የማይህ እኔ ነኝ። ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም። እግርህን አንቀሳቅስ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። መጣሁ። ከነፋሱ በታች እየመጣሁልህ ነው። ሸራውን ለቅቄዋለሁ፤ ሲርገበገብ አትደንግጥ። ይኸው፣ እንደ ሙሽራ በቅሎ ቀጥ አለችልህ። ያዝ።

ይበልጣል፦ አየህ?

ሽባባው፦ ምኑን?

ይበልጣል፦ አዞርካት። አንዴም አይደለም፣ ደጋግመህ።

ሽባባው፦ ታዲያ ጥዬህ ልሂድ?

ይበልጣል፦ ወንድሜን ጥለኸው እንደሄድከው።

ሽባባው፦ አላምረውን የሸራው እንጨት መታው፣ ሐይቁ ወሰደው። አልቅሰን ጨርሰናል። ተዝካሩንም አብረን አውጥተናል። ምን አመጣው ዛሬ?

ይበልጣል፦ «ብዞርም ብዞርም ነፋሱ አላስጠጋ አለኝ» ነበር ያልከው። ጀልባዋ ይህችው ናት። ነፋሱም ያው የከሰዓቱ ነፋስ ነው።

ሽባባው፦ የዚያን ለቱ ሌላ ነበር።

ይበልጣል፦ የዛሬው ይብሳል። ጠዋት «ዛሬ ሐይቁ አላማረኝም፣ እንደር» ያልከኝ አንተው አይደለህም? እኔ ነኝ በግድ ያወጣሁህ።

ሽባባው፦ አንተ ሰው፣ ጥርስህ እየተንቀጫቀጨ ክርክር ምን ይሉታል? ዋናተኛን ውሃ ይወስደዋል ሲባል አልሰማህም?

ይበልጣል፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩም ሲባል ሰምቻለሁ።

ሽባባው፦ ውጣና ተረት እንገጥማለን።

ይበልጣል፦ ውሃው ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ስሜን ጠርተኸዋል?

ሽባባው፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ስሙ ይጠራል? የደቅ ልጅ አይደለህም? ሐይቁ ስሙን የሰማውን ሰው አይመልስም። አባቶቻችንም «አንተ ሰው» እያሉ ነው ሰው ሲያወጡ የኖሩት።

ይበልጣል፦ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። ለቅሶ ቤት ግን እናቴ እግር ሥር ተንበርክከህ፣ «አላምረው፣ አላምረው እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁት» አልካት።

ሽባባው፦ ደንግጬ ነበር።

ይበልጣል፦ ዛሬስ አልደነገጥክም? ፊትህ አመድ መስሏል፤ «አንተ ሰው» ግን ካፍህ አልጠፋችም። ለቅሶተኛው አዘነልህ። እናቴ ግንባርህን ሳመችህ። እኔ ግን ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። ጠርተኸው ከሆነ አንተው ነህ ለሐይቁ የሰጠኸው፤ ካልጠራኸው ደግሞ ዋሽተሃል፣ አልፈለግኸውም።

ሽባባው፦ እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?

ይበልጣል፦ እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነዋ። ሐዘን ያዘባርቃል ብዬ ለራሴ ስሟገትልህ ከረምኩ። ደብሬ ግን የክርስትና ልጄን ላቅፍ በመጣሁ ቁጥር ፊቷን ታዞርብኛለች። ሚስትህ እንዳንተ መዋሸት አትችልበትም።

ሽባባው፦ ቆይማ። አንተን እንጨቱ አልመታህም። ማዕበልም አልነበረም። እንዴት ነው የወደቅከው?

ይበልጣል፦ ማን ወደቅኩ አለህ?

ሽባባው፦ በስመ አብ። ዘለህ ነው?

ይበልጣል፦ መዞር ካቃተህ እውነተኛ ነህ፣ እኔ እንደ ወንድሜ እሞታለሁ። ከዞርክ ውሸታም ነህ፣ እኔ እተርፋለሁ። ይኸው ተረፍኩ። ከፋኝ እንጂ ደስ አላለኝም።

ሽባባው፦ አብደሃል።

ይበልጣል፦ ይህን ያህል ጎበዝ ነህ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ገና ከውሃው ብቅ ከማለቴ ጀሪካኑ መጣልኝ። የዚያን ለት ጀሪካኑ ከነማሰሪያው ጀልባዋ ውስጥ ነበር፤ ስትመለስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሽባባው፦ ደብሬ ምጥ ላይ ነበረች።

ይበልጣል፦ አውቃለሁ። ወንድሜም እሷን ሐኪም ቤት ላድርስልህ ብሎ ነው አብሮህ የወጣ።

ሽባባው፦ አታውቅም። የልጁ እግር ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እሷ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተዘርራለች፣ የምትይዘው ነገር የለም። ሳዞር ማዕበሉ ከጎን ቢመታን እንገለበጣለን። መሪውን ያዝኩ፣ አንዴ እሷን አየሁ፣ አንዴ ኋላዬን አየሁ። ከዚያ ኋላዬን ማየት ተውኩ።

ይበልጣል፦ ከራስ በላይ ነፋስ።

ሽባባው፦ ስለ ራሴ አላሰብኩም። ልማልልህ፣

ይበልጣል፦ አትማል፣ አምንሃለሁ። የጎዳኸኝም እዚያ ላይ አይደለም። ያኔውኑ መጥተህ «መምረጥ ነበረብኝ፣ እነሱን መረጥኩ» ብትለኝ መትቼህ ይሆናል። አልቅሼ፣ ሰድቤህ፣ ሲበርድልኝ ግን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር እልህ ነበር። አንተ ግን በአርባኛው ቀን መጥተህ «ልጄን ክርስትና አንሳልኝ» አልከኝ።

ሽባባው፦ ከልቤ ነው።

ይበልጣል፦ አበልጅ አበልጁን አይከስም ብለህ ነው። ወንድሜን አጥቼ ወንድም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ቢምረውን ታቅፌ ደጀ ሰላሙ ላይ ሳለቅስ ትከሻዬን የምትደባብሰው አንተ ነበርክ። ያ እጅህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሽባባው፦ ላስርህ ብዬ አይደለም። ያለኝ ነገር ያ ልጅ ብቻ ነበር። በወንድምህ ሞት የመጣ ነውና ግማሹን ልስጥህ ብዬ ነው። አፌ ግን እውነቱን እምቢ አለኝ። ስለ ቢምረው ብለህ ያዝ፣ ከንፈርህ ጠቁሯል።

ይበልጣል፦ አንዲት ቀረችህ። ሲጣራ ሰማኸው?

ሽባባው፦ ውጣና እነግርሃለሁ።

ይበልጣል፦ ሰማኸው ወይ?

ሽባባው፦ ሰማሁት። «ደብሬን አድርሳት፣ እኔን ተወኝ» አለ እንድልህ ትፈልጋለህ? ይህን ስንት ጊዜ አቀናብሬ አንተ ዘንድ መጥቼ ተመልሻለሁ። አላለም። «ሽባባው፣ ዙር» ነው ያለው። እስኪርቅ ድረስ ያለው እሱን ብቻ ነው። ደብሬም ሰምታዋለች።

ይበልጣል፦ ገመዱን ወርውር።

ሽባባው፦ ይኸው። በብብትህ ሥር አዙረው። ቀበቶህን ልያዝ። እግርህን ወደ ላይ ጣል አድርግ፣ እኔ ወዲያ ልደገፍ። እሰይ፣ ገባህ። ማንጎው ላይ ተኛ፣ ግድ የለም ይጨፍለቅ። ጋቢዬን ልበስ።

ይበልጣል፦ ዛሬ ባሕር ዳር አንሄድም። ጀልባዋን ወደ እናቴ መልሳት።

ሽባባው፦ ምን እላታለሁ?

ይበልጣል፦ አሁን ያልከኝን። ለእሷም እንዳታሳምረው። እኔ በር ላይ እቆማለሁ።

ሽባባው፦ ልጁስ?

ይበልጣል፦ ልጁ ምን አደረገ? ቢምረው ልጄ ነው። እየመጣሁ አየዋለሁ።

ሽባባው፦ እኛስ፣ አበልጄ?

ይበልጣል፦ በስሜ ጥራኝ፣ ሽባባው። ከውሃው ወጥቻለሁ።