ወይዘሮ ሐረገወይንና ከቦዩ ያነሡት ፈረስ

ወይዘሮ ሐረገወይን በላቸው ከአባታቸው ከአቶ በላቸው ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተሰማ በ1951 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ ተወልደው፣ እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የእናታቸው ዓይን በመታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው የቤቱን ሥራ ተረከቡ። ይህን በመቃብራቸው አጠገብ ቆሜ የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ተፈራ ነኝ። ትናንት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ያጸደቀው ሌላ ጽሑፍ ነበር፤ ፈረሱን ስለማያነሣ ኪሴ ውስጥ አስቀርቼዋለሁ።

በ1970 ዓ.ም. ከሾፌሩ ከአቶ አስፋው መንግሥቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ናሆምንና ሐይማኖትን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1984 ዓ.ም. በሞት ሲለዩአቸው በደሴ መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአልጋ ልብስ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንገደኛውን ላብና ትውከት እያጠቡ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር አበቁ።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት፣ የሮቢት ፀሐይ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ጥርሱን ገና ያልጨረሰ ለጋ ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ቢወድቅ፣ ጌታው ጋሪውን ፈትቶ ወስዶ ፈረሱን ከነነፍሱ ለጅብ ብሎ ከቦይ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ትከሻው ተልቶ ነበር። እኛ የሰፈሩ ሰዎች አፍንጫችንን ይዘን በማዶ በኩል አለፍን፤ ሽታው ከቤታችን ሳይደርስ ተጎትቶ ይራቅልን ብዬ ለማዘጋጃ ቤት ያመለከትሁትም እኔ ነበርሁ። ዛሬ ያንን ሳስብ ከፈረሱ መግል ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ የራሴ ነገር ነው።

እትዬ ሐረግ ግን በማጀቴ ገበያ ከብት ሲነግዱ የኖሩትን ጎረቤታቸውን አቶ ሰዲቅን ጠርተው፣ ፈረሱን በሸራ አስጎትተው ግቢያቸው አስገቡት። ያረጀ አንሶላ ጥላ አድርገው ዘረጉለት፤ ትሉን በጣታቸው አንድ በአንድ እየለቀሙ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠቡለት፤ የማሽላ አጥሚት በጆግ እያንቆረቆሩ አጠጡት፤ የእንስሳት ሐኪም አምጥተውም አስወጉት። ትኩሳቱ ሲብስበት ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። አቶ ሰዲቅ፣ «አላህ ያለው እንደሁ ይነሣል፤ አንቱ ግን ጥቂት ይተኙ» ቢሏቸውም አልሰሟቸውም። ስሙንም «ይትረፍ» አሉት። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተነሥቶ ወደቀ፤ እንደገና ተነሣና ቆመ።

ከዚያ ወዲያ በሄዱበት ሁሉ ይከተላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ትከሻው ተጎድቷል ብለው እርጥብ አንሶላ እንኳ አልጫኑበትም። የአንሶላውን እስር በራሳቸው ጀርባ አዝለው፣ ፈረሱ ባዶውን ከጎናቸው እየተራመደ ከወንዝ ሲመለሱ፣ በየበረንዳው የተቀመጥን ሁሉ ሳቅንባቸው።

በ2016 ዓ.ም. የስኳር ሕመም እግራቸውን አቁስሎ ከሥራ አስቀራቸው። ቁስሉ ሲሸት እኛ ዘመዶቻቸው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለን እየሄድን፣ በነጠላችን ጫፍ አፍንጫችንን ሸፍነን ከደጃፍ ሳናልፍ «እግዜር ይማርሽ» ብለን እንመለስ ነበር። እሳቸውም፣ «አፍንጫችሁን ልቀቁት፤ የሸተተው የእኔ እግር ነው» ይሉን ነበር። ባለ ባጃጁ ሁሉ መቀመጫዬ ይሸታል ብሎ አልጭንም ስላላቸው፣ ለሕክምና የሚሄዱት የይትረፍን ጋማ ጨብጠው እያነከሱ ነበር። እሳቸው ሲቆሙ ይቆማል፤ እሳቸው ሲራመዱ ይራመዳል። በመጨረሻው ሳምንት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ይውል ነበር፤ እኛ ከደጃፍ አላለፍንም።

እንዲህ ሲታመሙ ቆይተው ጥቅምት 2018 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይትረፍ ወደ ጋሪ እንዳይመለስ። ትናንት ግን ያ ከቦይ የጣለው ሰው ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ «ፈረሱ ከመሠረቱ የእኔ ነው» ሲል ቤተ ዘመዱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያ መነቅነቄ ሲያስጠላኝ ዐደረ።

ወይዘሮ ሐረገወይን የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ከኋላቸው ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እስከ መጨረሻው ውኃ ያቀበሏቸውን ጎረቤታቸውን አቶ ሰዲቅን፣ የማይረባ ወንድማቸውን ተፈራን፣ እንዲሁም አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ በግራሩ ጥላ ሥር የቆመውን ይትረፍን ትተዋል። እጃቸው ምንም እንዳልተጸየፈ ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ሳይጸየፍ ተቀብሎ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ አሜን።

አንተም በኩታህ ሥር ገመድ ይዘህ የመጣኸው ሰው፣ ገመድህን ይዘህ ተመለስ። ፈረሱ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይገባል።