እግር ያጠበ እራት ያበላል

ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ተፈናቃይ ሴት አጠገቧ ያለችውን ወጣት አወቀቻት።

«መጠለያችን መጥተሽ የእናቴን እግር ያጠብሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ፣ እትዬ። ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር።»

«እናቴ ጓዟን ሸክፋ እየጠበቀችሽ ነው።»

«እኔን? ለምን?»

«ቤትሽ ልትወስጃት ነዋ! የእንግዳ እግር ያጠበ እራት ያበላል፣ መኝታ ያነጥፋል። አንቺ አጥበሽ፣ እግሯን ስመሽ፣ ፎቶ ተነስተሽ ሄድሽ።»

«እኔ እኮ ለነፍሴ ብዬ ነው። ጌታችንም የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል።»

«ጌታማ አጥቦ ወደ ማዕዱ ተመለሰ! ጥሏቸው መች ሄደ?»

«አይቆጡኝ፣ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ክፉ ብታስቢማ ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ማን ምን ይጠብቃል? ይኸው ዛሬም ከበሩ አትነሳም። ጎረቤት እራት ሲያመጣላት ‹ሰው ጠርቶኛል› እያለች ትመልሳለች።»

«እርስዎ አልነገሯቸውም?»

«ነገርኋት። ‹እግሬን ስማ አትዋሸኝም› ብላ እኔኑ ተቆጣች።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እኔም የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው።»

«ውሰጃት አላልሁሽም። ያኔ እንደተንበረከክሽው ተንበርከኪና ‹አልወስድዎትም› ብለሽ በአፍሽ ንገሪያት።»

ወጣቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች።

«እሺ፣ አብሬዎት እወርዳለሁ። ስማቸውን ማን ልበል?»

«እግሯን ስትስሚ አልጠየቅሻትም?»

ረዳቱ «መጠለያ ወራጅ!» ብሎ በሩን ከፈተ፤ ሁለቱም ተከታትለው ወረዱ።

እኔ እግሮቼን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰብኋቸው።