በትርንጎ ደጅ የተሸከምኩት ድንጋይ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ከደምበጫና ከጉንደ ወይን ድረስ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የደብረ ኤልያስ እናቶችና አባቶች፣ የባዘዘው ባለቤት ሥራነሽ እህቴ፣ ልጄ የሺዋስ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ረጅም አልናገርም። ለመናገርም አፍ የለኝ።

አምሳሉ እባላለሁ። ለማታውቁኝ፣ የባዘዘው የሽምግልና ጓደኛ ነኝ። የተጣላ ስናስታርቅ፣ ደም ስናደርቅ አብረን ያረጀን ነን። ትናንት ልጁ የሺዋስ መጣና «ጋሼ አምሳሉ፣ አባቴን እንደርስዎ የሚያውቀው የለም፤ እርስዎ ይናገሩለት» አለኝ። እሺ አልኩት። ልጄ፣ ምን እንደምናገር ብታውቅ ኖሮ ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር።

ባዘዘው ምን ዓይነት ሰው ነበር? አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደምበጫ በኩል ልጇ የተገደለባት እናት ዘንድ ለዕርቅ ሄድን። ድንጋይ ተሸክመን ደጇ ቆምን። «እምቢ» አለች። እኔን ታውቁኛላችሁ። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም፣ ከዚህም ንቅንቅ አንልም» አልኩ። ባዘዘው ግን ድንጋዩን ከትከሻው አወረደ። ቀስ ብሎ፣ እንዳይጮህ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። «እመቤቴ፣ ሰምተናል። እምቢም መልስ ነው» አላት። ከዚያ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ!

መንገዱን ሙሉ ተነታረክን። «አንተ ሽማግሌ ነህ ወይስ መንገደኛ?» አልኩት። ዓመት ሳይሞላ ሴትዮዋ ራሷ ላከች። «ያ እምቢ ስል የሰማኝ ሰውዬ ይምጣና ያስታርቀኝ» አለች። እኔን አላለችም። ይህን ስንት ጊዜ አውርተን ስቀናል? እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አልተማርኩበትም እንጂ።

ለእኔ የወጣልኝ ስም ሌላ ነበር። «አምሳሉ የቆመበት ደጅ እሺ ሳይል አይዘጋም» ትሉኝ ነበር። በየሠርጉ፣ በየድግሱ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ደረቴን እነፋለሁ። እንዴት ያለ ጣፋጭ ነገር መሰላችሁ! ያ ስም ነው ለዚህ ያበቃኝ።

ባዘዘው ሲደክመው ከረመ። ይህን ዳገት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መሐል ላይ ቆም ይልና ያገኘውን ሁሉ «ጤፉ እንዴት ያዘ? ላሚቱ ወለደች?» ይላል። ለካ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። እኔ «ወሬኛ ሆንክ እኮ» እለው ነበር። በኋላ የሐሞት ጠጠር ተገኘበትና ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ወሰድነው። ሲመረምሩት ልቡንም በመሣሪያ አዩት።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ ትርንጎ ትባላለች። አጠገቡ ቁጭ ብላ ነገረችው። እኔም ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም። «አባቴ፣ ከልብዎ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም መንገድ ጠቧል። እዚያ ውስጥ ግፊቱ በርትቷል፤ ልብዎ በጉልበት እየገፋ ነው ያለው። እኔ ሙሉ በሙሉ ሳስተኛዎ የሰውነትዎ የደም ግፊት ይወርዳል። ሌላ ሰው ሲወርድበት በመድኃኒት እመልሰዋለሁ። የእርስዎ ከወረደ ግን ያ የደከመው ልብ ራሱ ደም ያጥረዋል። ሲያጥረው ይዝላል፤ ሲዝል ግፊቱ ጭራሽ ይወርዳል። ያኔ ከእጄ ያመልጡኛል። የልብ ሐኪምና ጽኑ ሕክምና ያለበት አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምናውን ያድርጉ። ሕመሙ ጊዜ ይሰጣል» አለችው።

ባዘዘው ምን አለ? «ልጅቱ ደግ ተናገረች። እሄዳለሁ» አለ። ሥራነሽ እህቴ፣ ጋቢውን አጥበሽ፣ ስንቁን ቋጥረሽ ነበር። አይደለም?

እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

«የባዘዘውን ያህል ሰው በሰው አገር ሊንገላታ? ቀዶ ሐኪሙ እሷ እሺ ካለች እሠራለሁ ብሏል። እሺ ማሰኘት ደግሞ የማን ሥራ ነው?» አልኩ። ለባዘዘው ሳልነግረው ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ የትርንጎ ቤት ሄድኩ። ድንጋይ ተሸከምኩ። ወገኖቼ፣ ለነፍሰ ገዳይ ምሕረት የሚለመንበትን ድንጋይ፣ ሥራዋን ለሠራች ልጅ ተሸከምኩት!

«አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አልኳት። ሁሉንም እንደገና አስረዳችን፤ አልሰለቸችም። እኔ ምን ብዬ መለስኩላት? «አንዱ ግፊት ከፍ አለ ትያለሽ። ማደንዘዣው ዝቅ ያደርጋል ትያለሽ። ታዲያ አስታረቃቸው ማለት አይደል?» አልኳት። አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። ሊያይ የተሰበሰበው ጎረቤትም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «አባቴ፣ ሁለቱ ግፊቶች የተለያዩ ናቸው። የሳንባው ከፍ እንዳለ የሰውነቱ ነው የሚወርደው» አለች። መልስ ሲጠፋኝ ድንጋዩን ከፍ አድርጌ ተሸከምኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ!

በመጨረሻ እናቷ ወጡ። ጉልበታችንን ስመው ወደ ልጃቸው ዞሩና «ሽማግሌ አሳፍረሽ እርግማን አታምጪብኝ» አሏት። ልጅቱ እናቷን አየች። እኔን አየች። እያለቀሰች «እሺ» አለች። እሺ ማለት ይህ ነው? ያች ቃል የሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ከአፏ የነጠቅኳት።

እየፎከርኩ ባዘዘው ዘንድ ሄድኩ። «እሺ አሰኘኋት!» አልኩት። «እምቢ ብላን ነበር እኮ፣ አምሳሉ። እምቢም መልስ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ምን አለ? «እንግዲህ ሽማግሌ ለምኖ ካገኘ በኋላ እኔ እንዴት ላሳፍርህ?» አለ። ለእኔ ክብር ብሎ ነው ለቀዶው የተኛው። ስንቁን የፈታው ለእኔ ብሎ ነው!

በቀዶ ሕክምናው ቀን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ምን ሳደርግ? ለጠያቂዎቹ የትርንጎን ደጅ ሳወራ። ድንጋዩን እንዴት እንደተሸከምኩ ተነሥቼ ሳሳይ ነው የቀዶ ክፍሉ በር የተከፈተው። ልጅቱ ወጣች። የለበሰችው ሁሉ በላብ ርሷል። «ወረደብኝ፤ መድኃኒቱን ሁሉ ሰጠሁት፤ አልመለስ አለኝ» ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ እጄ ገና ትከሻዬ ላይ ነበር።

አሁን የሺዋስ፣ ልጄ፣ ስማኝ። በለቅሶው ድንኳን «በመርፌ ገደለችው» ሲባል ሰምቻለሁ። አንተም «አልተዋትም» ስትል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ያ ዝምታ ከድንጋዩ ይብሳል። እሷ ዛሬ እዚህ አለች፤ ከኋላ፣ አጥሩ ሥር ቆማለች። ዞራችሁ አትዩአት! እኔን እዩኝ። የሚታይ ሰው እኔ ነኝ።

ስለ ትርንጎ አልለምንህም፣ የሺዋስ። ጥፋት የሌለባት ሰው አስታራቂ አያሻትም። ይህ ምስክርነቴ ነው፤ በአባትህ መቃብር ፊት፣ በካህናቱ ፊት። አባትህን ለማትረፍ እምቢ ያለች እሷ ብቻ ናት። ትርንጎ ልጄ፣ አንቺን በድያለሁ። ያንቺን ሙያ የእኔ ሽበት የሚሽረው መስሎኝ ነበር። አፈርኩ። በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አፈርኩ።

ይኸው ድንጋይ። ከመቃብሩ ዳር ያነሣሁት ነው። የምሸከመው ስለ ራሴ ነው። ሥራነሽ፣ የሺዋስ፣ ትርንጎ፣ ይቅር በሉኝ። አንድ ጊዜ ነው የምለው። ካህናት አባቶቼ፣ አታግዙኝ። እናቶች፣ «በል እሺ በለው» ብላችሁ ልጁን አታስጨንቁልኝ። እምቢ ካለኝ ደግሜ አልጠይቅም።

ባዘዘው ወንድሜ፣ አንተ ነበርክ ክንዴን ይዘህ ከሰው ደጅ የምታወጣኝ። ሆስፒታል ተኝተህ ነበርና የትርንጎ ደጅ አልደረስክልኝም። እግዚአብሔር ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ። ደኅና ሁን። ልጅህ የሚለኝን ሰምቼ፣ ድንጋዩን እንዳይጮህ አድርጌ አስቀምጬ፣ ዛሬ ብቻዬን እወጣለሁ።