ማንም ያልከፈተው ፊልም

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ፊልም የሠራው መምህር ይሄይስ፣ በፊልሙ እናት ሆነው የተጫወቱት እትዬ ጥሩዬ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዘይነባ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰማሁ።

«ውጭ አገር ያለ ፌስቲቫል መርጦናል» አለ መምህሩ። «ዳኞቹ በእንባ ነው ያዩት ይላል ኢሜይሉ።»

«በነፃ ነው የመረጡህ?» አለች ሲስተር።

«ለመወዳደሪያ ከፍለናል። ፖስተሩ ላይ ለሚለጠፈው፣ «ተመርጧል» ለሚለው የቅጠል ምልክትም ሌላ ከፈልን።»

«ከፍሎ ያልተመረጠስ አለ?»

«እሱን አልጻፉም።»

«ፊልሙን በምን ላክህላቸው?»

«በሊንክ። ስንት ሰው እንደከፈተው ይቆጥራል።»

«እስቲ ስልክህን» ብላ ተቀበለችው። «ዜሮ ነው እኮ የሚለው።»

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ኢሜይሉን ያመጣው ኔትወርክ?»

መምህሩ ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

«እኔ የሞተውን ልጄን አስቤ ነው ያለቀስኩት» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ታዲያ ማንም አላየውም?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ሞጣ አዳራሽ ሰው ሊያጨበጭብልን ተሰብስቧል፤ ምን ልበላቸው?»

«ማንም እንዳላየው ንገራቸው» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ከዚያ ክፈተውና እነሱ ይዩት።»

የእኔም ልጅ ፊልም ይሠራል፤ አንዱንም አይቼለት አላውቅም።