የፈላ ውኃ ያላስነሳው ስዊች
የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አንድ ቅዳሜ አሮጌዋ ሞተር ሳይክሌ ሉማሜ ስትደርስ ራዲያተሯ ፈልቶ ቆመች፤ ፋኗ አልዞር ብሏል። አበጀ የሚባል መካኒክ ውኃው ሲግል ፋኑን የሚያስነሳውን ስዊች ፈታና እትዬ ብርቄ ሻይ ቤት ይዞኝ ገባ። ስዊቹን ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር በሽቦ አያይዞ ጫፉን የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነከረው። ደህና ከሆነ አምፖሉ ይበራል። አልበራም። «ሞቷል፣ መምህር። ዕቃው አዲስ አበባም አይገኝም፤ ለቁራሌው ሽጣት» አለኝ። አምበር ከተማ እየተመላለስኩ የማስተምረው በእሷ ነው፤ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ቦምቦሊኖ ሊጠብሱ ዘይት የጣዱት እትዬ ብርቄ ዘወር እንኳ ሳይሉ «የዚህ አገር ውኃ ይንተከተካል እንጂ የት ይግላል? አባይ በረሃ ሳለሁ ቶሎ ይበስልልኝ የነበረ ሽምብራ እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እስቲ ዘይቱ ውስጥ ሞክሩት» አሉ። አበጀ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ደጋ ላይ ውኃ ብዙም ሳይግል እንደሚፈላ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኛ፤ ክዳኑ በጠበቀ ራዲያተር ውስጥ ግን ውኃው ከዚያ በላይ ይግላል፣ ስዊቹም የሚነሳው ያኔ ነው። ስዊቹ ዘይቱን ሲነካ ትንሽ ቆይቶ አምፖሉ ቦግ አለ። ለካ ጥፋቱ ወደ ፋኑ የሚሄደው ሽቦ መዛጉ ነበር፤ አበጀ ጫፉን ፍቆ ሲያስረው ፋኗ ዞረች።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ከማንሳቴ በፊት «እናንተ ቤት ሽምብራ ለመብሰል ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅሁ። እጁን ያላወጣ ተማሪ አልነበረም።